ባክአፕ ሪስቶር አልልም ሲለኝ ዶሜይኑ ሌላ አካውንት ስር ተገኘ

ትናንት ማታ የደንበኛችንን ሳይት ከባክአፕ አዲሱ ሰርቨር ላይ ልመልስ ስል ሲፓነል (ሰርቨሩን የምናስተዳድርበት ሶፍትዌር) ዶሜይኑ፣ ማለትም የሳይቱ አድራሻ፣ አስቀድሞ አለ ብሎ አቋረጠብኝ፣ አካውንት ሊስቱ ላይ ብፈልገው ደግሞ የለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፎርስ ብሎ (በግድ አስገድዶ) ያልፋል፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ ያለውን ዳታ ልታጡ ትችላላችሁ።

ሰርቨሩ ላይ ኢቲሲ በሚባለው የሴቲንግ ፎልደር ውስጥ ያለውን፣ የትኛው ዶሜይን የማን እንደሆነ የሚዘረዝረውን ዩዘርዶሜይንስ የሚባል ፋይል በግሬፕ (ጽሑፍ መፈለጊያ ትእዛዝ) ሳየው ዶሜይኑ ቁጭ ብሏል፣ ከሁለት ነጥቡ ቀጥሎ ያለው ዩዘርኔም ግን የሌላ አካውንት ነው፣ ለካ ባልደረባችን ከሶስት ሳምንት በፊት ለጊዜው ብሎ አዶን ዶሜይን (በሌላ አካውንት ስር የሚጨመር ተጨማሪ ዶሜይን) አድርጎ አስገብቶት ኖሯል።

አዶኑን ሳላጠፋው በፊት የኢሜይል ፎልደሩን ኮፒ አደረግኩ፣ የሶስት ሳምንት ኢሜይል እዚያ ነበር የሚገባው፣ ባክአፑ ላይ የለም፣ የሰው ደብዳቤ እንዲህ በዋዛ አይጠፋም። የዲኤንኤስ ዞን ፋይሉንም (የዶሜይኑ ሳይትና ኢሜይል የት እንዳሉ የሚናገሩት ሪከርዶች ያሉበትን) ያዝኩ፣ አዶኑ ሲወጣ አብሮ ይጠፋል።

ከዛ አዶኑን አወጣሁት፣ ሪስቶሩ ያለ ምንም ችግር አለፈ። ኢሜይሎቹን ከር እና ኒው ከሚባሉት ፎልደሮች ብቻ በአርሲንክ (ፋይል መገልበጫ ትእዛዝ) ጨመርኳቸው፣ ሜይልዲር የሚባለው የኢሜይል አቀማመጥ እያንዳንዱን መልእክት በራሱ ፋይል ስለሚያስቀምጥ አይጋጩም፣ ቾውን ማድረግ (የፋይሎቹን ባለቤት ወደ አዲሱ ዩዘር መቀየር) ግን አትርሱ፣ ባለቤቱ የድሮው ዩዘር ሆኖ ከቀረ አይከፈቱም። መጨረሻ ላይ ባክአፑ ያልያዘውን የኤስፒኤፍ ሪከርድ (በዶሜይኑ ስም ኢሜይል እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች የሚዘረዝረውን) ካስቀመጥኩት ዞን ፋይል መለስኩ።