የኳንቲፌሮን ውጤታችሁን እንዴት ታነባላችሁ?

ኳንቲፌሮን የቲቢ የደም ምርመራ ነው። ለቪዛ ወይም ለሥራ ደም ሰጥታችሁ «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ከመጣ አትደንግጡ። ምርመራው ራሱን የቲቢ ባክቴሪያ አይፈልግም። የሚለካው ኢንተርፌሮን ጋማን ነው። ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ቀድሞ የሚያውቁት ጠላት ሲገጥማቸው ይህን ሞለኪውል ይለቃሉ፤ እሱ ደግሞ ባክቴሪያውን የዋጡትን ሴሎች «ግደሉት!» ብሎ ያነቃቃል። ስለዚህ ፖዘቲቭ ማለት ሰውነታችሁ ቲቢን ያውቀዋል ማለት ነው እንጂ አሁን ታማችኋል ማለት አይደለም።

ደሙ በአራት ቱቦ ይቀዳል። ሁለቱ የቲቢ ፕሮቲን ቁርጥራጭ አለባቸው። «ኒል» የሚባለው ምንም የለበትም፣ «ሚቶጅን» የሚባል ሴሎቹን የሚቀሰቅስ ነገር ያለበት ደግሞ ሴሎቹ በደንብ እንደሚሠሩ ማረጋገጫ ነው። ከ16 እስከ 24 ሰዓት በ37 ዲግሪ ይቆያል። ከዚያ ወረቀቱ ላይ የቲቢውን ቁጥር ፈልጉ፦ ኒል ተቀንሶለት 0.35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የኒሉንም ቢያንስ 25 በመቶ ከሞላ፣ ፖዘቲቭ ይባላል። 0.35 አካባቢ ከሆነ ይደገም ወይ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ያው ሰው ሲደግም ወዲያና ወዲህ ሊል ይችላል። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ግን በሽታው ብሷል ማለት አይደለም።

«በልጅነቴ የቲቢ ክትባት (ቢሲጂ) ስለተከተብኩ ነው» የሚል ብዙ ነው። ይህ ቆዳ ላይ ለሚደረገው የቲቢ ምርመራ እንጂ ለዚህ አይሠራም፤ ቱቦው ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ቢሲጂ ክትባት ውስጥ የሉም።

«ያልተወሰነ» የሚል ከመጣ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው ብላችሁ እንዳትተዉት! ብዙ ጊዜ የሚቶጅኑ ቁጥር ዝቅ ብሎ ነው፤ ምክንያቱ ኤችአይቪ፣ ስቴሮይድ ወይም የደሙ አያያዝ ሊሆን ይችላል።

ፖዘቲቭ ከሆነ ቀጥሎ የደረት ራጅ ተነሡ፤ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም የክብደት መቀነስ ካለ አክታም ይመርመር። ንቁ ቲቢ እንደሌለ ከተረጋገጠ ያላችሁ ድብቅ ቲቢ ነው፣ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ሕክምናም አለው፤ አንዱ አማራጭ አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን በሳምንት አንዴ፣ ለ12 ሳምንት ነው። ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በተለይ ለመገጣጠሚያ ወይም ለአንጀት ሕመም ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ የታዘዘላችሁ፣ ሳትመረመሩ አትጀምሩ። እነዚህ መድኃኒቶች ቲኤንኤፍ የሚባለውን ሞለኪውል ሥራ ያግዳሉ፤ ድብቁን ባክቴሪያ ከቦ እንደ አጥር የሚይዘው የሴሎች ስብስብ ደግሞ ያለ ቲኤንኤፍ ይፈርሳል።

ሕክምናውን ስትጨርሱ ምርመራውን አትድገሙት፣ ለዓመታት ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። መጨረሳችሁን የሚገልጸውን ወረቀት ግን ከፓስፖርታችሁ ጋር አስቀምጡት፤ ሌላ አገር ሄዳችሁ ስትጠየቁ የምታሳዩት እሱን ነው።