በአንድ ቱቦ ጀምሩ

ሀዋሳ ሐይቅ ዳር አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱቄ መንገድ ዳር ነው፤ ከፊቱ የጎርፍ ቱቦ ያልፋል። ግንቦት ውስጥ አንድ ሌሊት ኃይለኛ ዝናብ ጣለና ቱቦው ገንፍሎ አደረ። ጠዋት ስከፍት ውሃው የሲንጀሬ ፔዳል ላይ ደርሷል። ለሙሽራ እናት የምሰፋውን የሀገር ልብስ መሬት ላይ በፌስታል አስቀምጬው ነበር። ሳወጣው ግማሹ ጭቃ ሆኗል። ሴትዮዋ መጥተው ሲያዩት ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው ጨርቁን ዳበሱት። ያ ዝምታ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ያን ሳምንት ሰፈሩን በሙሉ ስብሰባ ጠራሁ። የእድራችን አዳራሽ ሞላ። ስለ ቱቦው ተነሳ፣ ስለ መብራት ተነሳ፣ ስለ ሌባ፣ ስለ ማታ ሙዚቃ ጩኸት ተነሳ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ተወራ። አስራ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴም ተመረጠ። ኮሚቴው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጥ ክረምቱ ገባ። ጥፋቱ የሰዉ አልነበረም። ሁሉን ነገር በአንድ ቀን ልፍታ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሰፈራችሁን ማደራጀት ካሰባችሁ በእግር ሄዳችሁ የምትጨርሱትን አንድ ነገር ያዙ። እኛ በሁለተኛው ዓመት የያዝነው ከዳቦ ቤቱ እስከ አስፋልቱ ያለውን ቱቦ ብቻ ነው። በእርምጃ ለካሁት፤ 180 ሆነ። 180 እርምጃ ሰው ይገባዋል። «የአካባቢ ጥበቃ» ስትሉት ግን ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ከስብሰባ በፊት ሄዳችሁ እዩ። እኔና አንድ የሰፈር ልጅ እሁድ ጠዋት ደብተር ይዘን ወጣን። የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ ያየነውን ሁሉ ጻፍን። ቱቦው አምስት ቦታ ተዘግቷል። ሁላችንም «ፌስታል ነው የዘጋው» እያልን ስንማረር ነበር የከረምነው። ዋናው መዝጊያ ግን የግንባታ አሸዋ ሆኖ ተገኘ። ቤት የሚሠሩ ሰዎች አሸዋቸውን መንገድ ዳር ቆልለውት ዝናቡ ጠርጎ ያስገባዋል። ይህን ሳናውቅ ብንሰበሰብ ኖሮ ጣታችንን የምንቀስረው በሰው ላይ ነበር፤ ያውም ባልሆነው ሰው።

ሰው ስትመርጡ አምስት ይበቃችኋል። የእኛን ልንገራችሁ። አንዷ የእድሩን መዋጮ የምትሰበስብ ናት፤ የማታውቀው በር የለም። አንዱ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ወሬ ከሱ ቀድሞ ሰፈር አይደርስም። አንዷ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። አራተኛው አንድ የሲዳማ አባት ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ዝም ይላል። አምስተኛዋ እኔ ነኝ፤ ሱቄ ክፍት ስለሆነ ጥያቄ ያለው ሁሉ እኔን ያገኘኛል። አዳራሹን ትተን በየተራ በየቤታችን ቡና ላይ ነበር የምንገናኘው። ቡናው ሲያልቅ ስብሰባው ያልቃል።

ሀዋሳ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት። በአማርኛ ብቻ ብታወሩ ግማሹ ሰው እንግዳ ሆኖ ይቀመጣል። የተባለውን ሁሉ በሲዳምኛም እንድገመው ያለችው መምህርቷ ናት። የሲዳማ ሽማግሌዎች ጉዳይ ሲመክሩ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሁሉም ሳይሰማ ወደ ውሳኔ አይኬድም። እኛም ይህን ወሰድን። አንድ ነገር ከመወሰናችን በፊት ዝም ያለውን ሰው በስሙ ጠርተን እንጠይቃለን። ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ የሚገኘው ከሱ ነው።

ደብዳቤ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ሁለት ገጽ እሮሮ ነበር። «ቱቦው ይሠራልን» ብለን ጨረስነው። መልስ አልመጣም። ሁለተኛውን በአንድ ገጽ ጻፍን፤ በሲዳምኛም በአማርኛም። ከላይ «ጉዳዩ፦» ብለን በአንድ መስመር የምንፈልገውን አስቀመጥን። ከስር የአምስቱን ቦታ ንድፍ በእጅ ስለን፣ ፎቶ አሳትመን፣ የ64 አባወራና እማወራ ፊርማ አያያዝን። ጥያቄውም ተለወጠ። ደለሉን እኛ እናወጣለን፤ እናንተ ደግሞ የሚያነሳ ሲኖትራክና ለተሰበሩት ቦታዎች ክዳን ስጡን አልን። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እሺ ለማለት ቀላል የሚሆንለት እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ደብዳቤውን ለቀበሌ አስገቡ፤ ለክፍለ ከተማውና ለማዘጋጃ ቤቱ ግልባጭ አድርጉ። ሁልጊዜ አንድ ቅጂ ለራሳችሁ ያዙና መዝገብ ቤት ማህተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስደርጉበት። ያ ቁጥር ከሌላችሁ ደብዳቤ አላስገባችሁም በሉ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ «ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን ጻፉ። ቀጥታ እሱ ጋ ሂዱ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ አትቆጡ፤ ግን አትቅሩ። እኛ ስድስት ጊዜ ተመላልሰናል። በሰባተኛው መኪናው መጣ።

መብታችሁንም እወቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቷል። አንቀጽ 30 በሰላም የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጣል። ሰላማዊ ሰልፍ ካሰባችሁ በአዋጅ ቁጥር 3/1983 መሠረት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅ ያስፈልጋል። የእኛ የጽዳት ዘመቻ ሰልፍ ባይሆንም ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ አሳውቀናል። ሰው ፈርቶ እንዳይቀር ነው።

ገንዘብ የሚያፈርሰው ማኅበር ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ ለአካፋና ለጓንት ያዋጣነው ብር አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ሰውየው አንድ ሳንቲም አልነካም። ሐሜቱ ግን ነካው፤ ጥሎን ሄደ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ሦስት ሰው ይፈርማል፣ ደረሰኙ ፎቶ ተነስቶ በዚያው ቀን ቴሌግራም ላይ ይለቀቃል። የአካፋ እጀታ እንኳ ብንገዛ ይለቀቃል።

ቆሻሻ የሚደፋባችሁን ሰው በአደባባይ አታዋርዱት። አሸዋውን የቆለለው ጎረቤት ጋ የሄዱት ሽማግሌው ነበሩ። ፎቶ አላሳዩትም፤ ቡና ጠጥተው ስለ ልጆቹ ጠይቀው ሲያበቁ ነው ጉዳዩን ያነሱት። በማግስቱ አሸዋውን በብሎኬት ከበበው። በዘመቻው ቀን ደግሞ ሁለት ጋሪ ይዞ መጣ።

ዘመቻውን ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምራችሁ ፀሐይ ሳትከር ጨርሱ። ቡትስ ጫማ ሳያደርግ ማንም ቱቦ ውስጥ አይግባ፤ የተሰበረ ጠርሙስ አለ። ልጆች ከላይ ሆነው ፕላስቲኩን ማዳበሪያ ውስጥ ይልቀሙ። ስንጨርስ ልጆቹን ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወሰድናቸው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆቹን ከበው ቆመዋል፤ ቆሮሶ ዓሣ እየተበለተ ነው። መምህርቷ ሐይቁ መውጫ ወንዝ እንደሌለው ነገረቻቸው። የገባበት እዚያው ይቀራል። አንዱ ልጅ «ታዲያ የኛ ፌስታልስ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም፤ ሁላችንም ውሃውን አየን።

በሦስተኛው ወር ሰው ይቀንሳል። አትደንግጡ፤ የሚቀረውን ሰውም አትውቀሱ። የመጣውን ስሙን ጻፉ፣ የቀረውን ሄዳችሁ ደህና መሆኑን ጠይቁ። እኛ ጋ አንዷ ለሁለት ወር የጠፋችው ልጇ ታሞባት ነበር። ልጇን ጠየቅንላት፤ አሁን ከማንም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት።

ደብተሩን ዘንድሮ ለመምህርቷ አስረክቤያለሁ። ቀጥሎ የያዝነው ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለውን ቱቦ ነው። ባለፈው እሁድ በእግር ሄደን አየነው። ሦስት ቦታ ተዘግቷል።