የወርክሾፕ ካቢኔትና ማሽን ላይ ጎማ ሲገጠም የማይጠፉ ስህተቶች

ጎማ የተገጠመለት የመሣሪያ ካቢኔት ወይም የሥራ ጠረጴዛ ለጥገና ሲመጣልኝ አስቀድሜ የማየው ጎማውን ሳይሆን አጎንብሼ ጎማው የታሰረበትን ቦታ ነው። እስካሁን ካየኋቸው መካከል ጎማው ራሱ የተሰበረበት ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ከነብሎኑ ተነቅሎ፣ የቺፕውድ ፍርፋሪ ጥርሱ ላይ እንደያዘ በፌስታል ተቋጥሮ ይመጣል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምናገረው ስለዚህ ስህተት ነው፤ ደጋግሜ ከማየቴ የተነሣም ትዕግሥቴን ጨርሶታል። ቺፕውድ የእንጨት ስብርባሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ስለሆነ እንደ ደህና ጣውላ የብሎን ጥርስ አጥብቆ የሚይዝ ረጅም ቃጫ የለውም። ወለሉ 18 ሚሊ ሜትር በሆነ ካቢኔት ላይ 15 ሚሊ ሜትር የሚገባ የእንጨት ብሎን የሚመታ ሰው፣ ካቢኔቱ ቆሞ ሳለ ክብደቱ ጎማውን ወደ ላይ ስለሚጫነው ሥራው የተሳካ ይመስለዋል። ጉዱ የሚታየው ሲገፋ ነው፤ ጎማው ከእንቅፋት ጋር በተጋጨ ቅጽበት ቁመቱ ልክ እንደ ድጅኖ ሆኖ በአንድ በኩል ያሉትን ብሎኖች ፈልቅቆ ያወጣቸዋል። አንድ ደንበኛ ስድስት መሳቢያ ያለው ካቢኔት ሙሉ መፍቻና መሰርሰሪያ ጭኖ በጋራዡ በር ሲያሳልፍ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ጊዜ ተነቀሉ፤ ካቢኔቱ በፊቱ ተደፋ፣ መሳቢያዎቹም ተንሸራትተው ወጡ። እግሩ መትረፉ ዕድል ነው። ለጥገና ሲያመጣው የጠየቀኝ ግን “ረዘም ያለ ብሎን የለህም?” ብሎ ነበር። ረዘም ያለ ብሎን መልስ አይደለም፤ ወለሉን ከላይ በኩል በስቶ መውጣቱ ብቻ ነው የሚተርፈው።

ትክክለኛው መንገድ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር በስቶ ማሰር ነው። ለመካከለኛ ካቢኔት 8 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ፣ በንዝረት እንዳይላላም ውስጡ ፕላስቲክ ያለው ዳዶ ይበቃል። ከዚያ የሚሻለው ደግሞ 40 በ40 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በይዶ መቀመጫ መሥራትና ጎማዎቹን በእርሱ ላይ ማሰር ነው። በሁለቱም አሠራር የጎማው ሳህን፣ ማለትም ብሎን የሚገባበት ጠፍጣፋ ብረቱ፣ ከካቢኔቱ የጎን ግድግዳ ሥር መዋል አለበት፤ ክብደቱ የሚወርደው በግድግዳው በኩል ነውና፣ ሳህኑ ወደ መሐል ከገባ ወለሉ እየጎበጠ ይሄዳል፣ ካቢኔቱም ለመውደቅ የቀረበ ይሆናል።

ጭነት ሲሰላ ተለማማጆቼ ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ አንድ ነው። ባዶው ካቢኔት 60 ኪሎ፣ መሣሪያው 140 ኪሎ፣ ከላይ የሚታሰረው ሞርሳና ላሜራ 40 ኪሎ ቢሆን ድምሩ 240 ኪሎ ነው። ልጁ ለአራት አካፍሎ እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚችል ጎማ ከመርካቶ ይዞልኝ ይመጣል። ለሦስት እንዲያካፍል ስነግረው “ጋሼ፣ ጎማው አራት አይደለም እንዴ?” ይለኛል። አራት ነው፤ ወለሉ ግን ሊሾ ነው፣ ያውም አንዱ ጥግ የዘቀጠ ሊሾ፤ ስለዚህ አንዱ ጎማ ብዙ ጊዜ አየር ላይ ይቀርና ጭነቱን ሦስቱ ይሸከሙታል። እያንዳንዱ ቢያንስ 80 ኪሎ መቻል አለበት፣ እኔ ባለ 100 እወስዳለሁ። የሚጻፈው ቁጥር ለስላሳ ወለል ላይ ቀስ ብሎ ለሚገፋ ጭነት እንጂ ከደፍ ላይ ዘሎ ለሚወርድ አለመሆኑም አይዘንጋ።

ትንንሽ ጎማ የሚመርጡ ሰዎች ካቢኔቱ ከፍ እንዳይል ብለው ነው፤ ሐሳባቸው ይገባኛል። ይሁን እንጂ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለውን ጠርዝ በ50 ሚሊ ሜትር ጎማ ለመውጣት በጎማው ላይ ካረፈው ክብደት የሚበልጥ ግፊት ያስፈልጋል፤ በ125 ሚሊ ሜትር ጎማ ግን የዚያ ግማሽ ይበቃል። የጠረጴዛውን እግር አስቀድሞ አሳጥሮ ትልቁን ጎማ መግጠም ይሻላል።

ስለ ጎማው ዓይነት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ናይለን ጭነት ይችላል፣ ዘይትም አይጎዳውም፣ ነገር ግን ሊሾ ላይ ጆሮ ያደነቁራል፤ ተራ ላስቲክ ድምፅ የለውም፣ ለወራት ተጭኖ ከቆመ ግን አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ፖሊዩሪቴን በመሐል ያለ ነው። ብረት በሚቆረጥበት ክፍል ለስላሳ ጎማ አይግጠሙ፤ የብረቱ ፍርፋሪ ገብቶ ይሰካበታል።

ረጅም ጠረጴዛ ከሆነ በአንድ ጫፍ ሁለት የሚዞሩ፣ በሌላው ሁለት የማይዞሩ ይሁኑ፤ የማይዞሩት ፍጹም ትይዩ ካልሆኑ ጠረጴዛው ዕድሜውን ሙሉ ወደ ጎን ይጎትታል። ሁሉም የሚዞሩ ከሆኑ ደግሞ ፍሬኑ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ርካሹ ፍሬን የሚይዘው መሽከርከሩን ብቻ ነው፣ ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው የላይኛው ኩሽኔታ እንደ ልቡ ስለሚዞር ጠረጴዛው በሞርሳ ላይ ስንሞርድ ይወዛወዛል። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚቆልፍ አለ፣ እርሱን ይጠይቁ። የፍሬኑ መርገጫ ወደ ግድግዳው በኩል እንዳይሆንም ቀድመው ያስቡ። የጠረጴዛ መጋዝ ግን በማንኛውም ፍሬን አላምነውም፤ ሥራ ሲጀመር ጎማው ተነሥቶ ማሽኑ በራሱ እግር መሬት መያዝ አለበት።

የቋሚ መሰርሰሪያ ማሽን ክብደቱ ያለው ጭንቅላቱ ላይ ስለሆነ በጠባብ መሠረቱ አራት ጥግ ጎማ መግጠም ማሽኑን ለመጣል መዘጋጀት ነው። የሚዞር ጎማ መሬት የሚነካበት ነጥብ ከሳህኑ መሐል ወጣ ያለ በመሆኑ፣ አራቱም ወደ ውስጥ በዞሩ ጊዜ መሠረቱ ከሚታየው በላይ ይጠባል። ሰፋ ያለ የቱቦላሬ መድረክ ሠርቶ ማሽኑን በላዩ ማሰር ይገባል።

የመጨረሻው ስህተት የራሴ ነው። በጀማሪነቴ ብሎን ለመቆጠብ ብዬ ዚንክ የለበሰውን የጎማ ሳህን ከነጎማው በቀጥታ በቱቦላሬው ላይ በየድኩት። የኩሽኔታው ግራሶ ቀልጦ ወረደ፣ ጎማውም ከዳር በኩል ተለበለበ፤ የዚንኩን ጭስ ስስብ ስለዋልኩ ማታ ወባ የያዘኝ እስኪመስለኝ በብርድና በትኩሳት ተንቀጠቀጥኩ። አሁን ባዶ ላሜራ ቀድሜ እበይዳለሁ፣ ሲበርድ እበሳዋለሁ፣ ጎማውን በብሎን አስረዋለሁ። ያን ጊዜ ከበየድኳቸው አንዱ እስከ ዛሬ በብየዳ ጠረጴዛዬ ሥር አለ፤ በተገፋ ቁጥር ይጮኻል።