የወርቅ ሳንቲም እንዴት ይገዛል? እንዴትስ ይቀመጣል?

አያቴ መንዝ ውስጥ ጠገራ ብሯን የምታስቀምጠው በሙዳይ ነበር። ሙዳዩ ሲከፈት የአደስ ሽታ ይወጣል። አንዱን ታወጣና ድንጋይ ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። ካልጮኸላት አትቀበልም። ጠገራ ብር የተሠራው ከብር ማዕድን ነው፤ ክብደቱም 28 ግራም ገደማ ነው። ለወርቅም ቢሆን ከእሷ የተማርኩት ይበቃኛል፦ ሳትፈትሽ አትግዛ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ ብዙ ሰው ወደ ወርቅ ዞሯል። የወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ በዶላር ስለሚተመን ብር ሲወርድ ወርቅ በብር ይወደዳል። የወርቁ ዋጋ ግን ሊወርድም ይችላል። ደግሞም በግ ትወልዳለች፣ ወርቅ ግን አይወልድም። ስለዚህ የማዳበሪያና የትምህርት ቤት ብር አይነካ። ዕቁብ ወጥቶላችሁ ለዓመታት የማትፈልጉት ገንዘብ ካለ እሱ ይሁን።

መጀመሪያ ስሌቱን ልመዱ። 24 ካራት ንጹህ ወርቅ ነው። 22 ካራት ከመቶ 91.6፣ 21 ካራት 87.5፣ 18 ካራት 75 ወርቅ አለው። ወርቅ የሚመዘንበት አንድ አውንስ 31.1 ግራም ነው። ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚወጣው ክሩገራንድ የተባለው የደቡብ አፍሪካ የወርቅ ሳንቲም 22 ካራት ስለሆነ 33.93 ግራም ይመዝናል፤ ንጹህ ወርቁ ግን አንድ አውንስ ብቻ ነው። የእኛው የ1958 ዓ.ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባለ 20 ብር የወርቅ ሳንቲም 8 ግራም ይመዝናል፤ ከሺህ 900 እጁ ወርቅ ነውና ንጹሁ 7.2 ግራም ነው። ባለ 100 ብሩ 40 ግራም ነው፤ ንጹሁ 36።

ንጹሁን ግራም በዕለቱ የ24 ካራት ዋጋ አባዙት። ከዚያ በላይ የተጠየቃችሁት ሁሉ ጭማሪ ነው። ቀጥላችሁ ሻጩን «ነገ ብመልሰው በስንት ትገዛኛለህ?» በሉት። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይህን ጥያቄ ነው። ደብረ ብርሃን ወርቅ ቤቶች በብዛት የሚሸጡት ጌጥ ነው፤ በጌጥ ላይ ደግሞ የእጅ ዋጋ ትከፍላላችሁ፣ ስትሸጡ ግን አይመለስም። ለሳንቲም አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። ሂዱ፤ ግን በቀን፣ ከምታምኑት ሰው ጋር።

አሁን ፍተሻው። ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ ነሐስንም አይስበውም። ጥሩው ዘዴ የውኃ ነው። የወርቅ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስራችሁ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሉት፤ ታችም ጎንም አይንካ። ባለ 20 ብሩ እውነተኛ ከሆነ ሚዛኑ 0.47 ግራም አካባቢ ያሳያል። ያው 8 ግራም ነሐስ ቢሆን ኖሮ 0.9 ያልፍ ነበር። ሳንቲሙ ትልቅ ከሆነ ግን ወርቅ ቤት በማሽን ይታይ፤ ተንግስተን የሚባለው ብረት ክብደቱ ከወርቅ ስለሚቀራረብ ይህን ፈተና ያልፋል። እንደ አያቴ ድንጋይ ላይ አትጣሉት፤ ወርቅ ለስላሳ ነው፣ ይጎዳል።

«አንኮበር ቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ስር ቆፍረን አገኘን» የሚላችሁ ሰው ካለ እባካችሁ ጥላችሁት ሂዱ። ለመፈተኛ አንድ እውነተኛ ይሰጧችሁና የቀረውን ሐሰተኛ ይሸጡላችኋል። የአክሱም ዘመን ሳንቲም ደግሞ ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ። ያልተሠራ የማዕድን ወርቅም ያለ ፈቃድ አይነገድም። ክብደትና ካራት የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ።

ቤት ስትገቡ ሳንቲሙን አትወልውሉት፣ በአሸዋም በሎሚም አትሹት። ጭረቱ ዋጋ ያወርዳል። እያንዳንዱን ለየብቻ በጠንካራ የፕላስቲክ መያዣ አድርጉ፤ እርስ በርስ አይፋጩ። ጎታ ውስጥና ፍራሽ ስር ሌባው መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ነው። ካዝና የሚያከራይ ባንክ ካገኛችሁ ይሻላል። ካልሆነ ከግድግዳ ጋር የታሰረ የብረት ሳጥን ግዙ፤ ለጎረቤትም ለሠራተኛም አታውሩ።

ግን አንድ ሰው ይወቅ። የሳንቲሞቹን ብዛት፣ ክብደትና ፎቶ ከደረሰኙ ጋር ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ኑዛዜ ውስጥም አስገቡት። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በደንቡ አራት ምስክር ይፈልጋል። አያቴ ስታርፍ የሙዳዩን ቦታ የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች። «አሥራ አንድ ነው» ብላት ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ወንድሞቿ ባሉበት ቆጠረችው፤ አሥራ አንድ ነበር።