ያልለመዳችሁትን ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት

ሊነንም ይሁን ሄምፕ፣ ሰፍታችሁት የማታውቁት የተፈጥሮ ቃጫ ጨርቅ እጃችሁ ሲገባ ለመቁረጥ አትቸኩሉ። መጀመሪያ 20 በ20 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ውሰዱና የድሩን አቅጣጫ በክር ምልክት አድርጉበት። ልብሱን ወደፊት በምታጥቡበት መንገድ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ተኩሱት፤ ከዚያ እንደገና ለኩት። በድሩ በኩል 19 ከሆነ 5 በመቶ ገብቷል ማለት ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር የነበረ ሸሚዝ 3 ሴንቲ ሜትር ያጥራል። ስለዚህ ሙሉውን ጨርቅ አጥባችሁ ቁረጡ።

ቁራጩን አትጣሉት። ጠርዙን በጥፍራችሁ ፋቅ ፋቅ አድርጉት፤ በቀላሉ ከተተረተረ ለስፌቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ተዉለት። እኔ ከሁሉም የምሳሳው ለአንገቱ ዙሪያ ነው፦ ልል ጨርቅ እዚያ ላይ ገና ሳይሰፋ ይለጠጣል። እንደቆረጣችሁ ወዲያውኑ በጠርዙ ዙሪያ አንድ መስመር ስፌት አሳልፉበት።