ለነዳጅ ሥራ ወደ ዊሊስተን ከመሄድዎ በፊት

በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ግዛት ምዕራባዊ ጥግ፣ ከሞንታና ወሰንም ከካናዳም ሳትርቅ የምትገኘው ዊሊስተን እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገው ቆጠራ 14,716 ነዋሪዎች ነበሯት፤ በ2020 ቁጥሩ 29,160 ደረሰ። ያን ሁሉ ሰው ወደዚያ ሜዳ የጠራው ባከን የተባለው ነዳጅ የቋጠረ የድንጋይ ንጣፍ ነው። ንጣፉ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሬት በታች ስለሚገኝና ዘይቱን በቀላሉ ስለማይለቅ፣ መሰርሰሪያው ወደ ታች ከወረደ በኋላ ወደ ጎን ታጥፎ ብዙ ርቀት ይጓዛል፤ ከዚያም ድንጋዩ በውሃና በአሸዋ ግፊት ይሰነጠቃል። ፍራኪንግ የሚባለው ይህ ሥራ ብዙ እጅ፣ ብዙ የጭነት መኪናና ብዙ ሌሊት ይፈልጋል። ስለ ክፍያው የሚወራው አብዛኛው እውነት ነው፤ ነገር ግን ውሳኔው መመዘን ያለበት በሰዓት በሚከፈለው ሳይሆን ከቤት ኪራይና ከጉዞ ወጪ በኋላ በሚተርፈው፣ እንዲሁም ገንዘቡ ለስንት ወራት እንደሚዘልቅ በማሰብ ነው።

ይህች ከተማ የነዳጅ ግርግርን ደጋግማ አይታለች። በአካባቢው ነዳጅ የተገኘው በ1951 ታዮጋ በተባለች ከተማ አጠገብ ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የመጣው ሁለተኛው ግርግር በ1980ዎቹ ዋጋው ሲወድቅ ከተማይቱን ለማንም የማይጠቅሙ መንገዶችና ዕዳ አሸክሟት ሄደ። ሦስተኛው ከሁሉም ገዘፈ። ሰሜን ዳኮታ በ2012 አላስካን ቀድማ ከቴክሳስ ቀጥሎ ሁለተኛዋ ነዳጅ አምራች ግዛት ሆነች፤ በ2014 ዕለታዊ ምርቷ ከ1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሆነ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ የነበረው በርሜል በ2016 መጀመሪያ ከ30 ዶላር በታች ሲወርድ፣ ወደ 200 ይጠጉ የነበሩት የቁፋሮ ሪጎች (የመሰርሰሪያ ማማዎች) ወደ 30 ገደማ አሽቆለቆሉ፤ በሥራቸው የነበሩትም ሰዎች አብረው ተበተኑ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በሥራ ምርጫ ላይ ይታያል። ዋጋ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆሙት ቁፋሮና ፍራኪንግ ናቸው፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን ዋጋው ቢወርድም ዘይትና ጨዋማ ውሃ መስጠቱን ስለሚቀጥል፣ ጉድጓድ የሚጠብቅ፣ ፓምፕ የሚጠግንና ውሃ የሚያመላልስ ሰው አሁንም ያስፈልጋል። ቁፋሮው የበለጠ ቢከፍልም፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው የምርት ክፍሉን ቢመርጥ ይሻለዋል እላለሁ። በመጀመሪያው ክፍያ ተደስቶ አዲስ ፒክአፕ በብድር መግዛት በዚያ አካባቢ ከብርዱ የበለጠ ሰው የጎዳ ስሕተት ይመስለኛል።

ቀጥሎ የመኖሪያ ጉዳይ ነው፤ ከሥራው ውል ጋር በአንድ ቀን ካልተጨረሰ መነሣት አይገባም። በ2014 በወጣ አንድ የኪራይ ጥናት መሠረት በዊሊስተን ባለ አንድ መኝታ አነስተኛ አፓርታማ በወር 2,400 ዶላር ገደማ ይከራይ ነበር፤ ይህም ከኒው ዮርክ ይበልጥ ነበር። ሰዎች በመኪና ውስጥና በሱቅ መኪና ማቆሚያ አድረዋል፤ ኩባንያዎችም ማን ካምፕ የሚባሉ ተገጣጣሚ የሠራተኛ ማደሪያዎችን ተክለዋል። ኋላ ላይ ግርግሩ ሲበርድ ኪራዩም ወርዷል፤ ሆኖም ከነዳጁ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ስለሆነ የዛሬውን ዋጋ የዚያው ሳምንት ማስታወቂያ ላይ ማየት ይገባል። አሠሪው ማደሪያ እሰጣለሁ ካለ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ክፍሉን ለስንት ሰው እንደሚያጋራ፣ በዕረፍት ሳምንታት ዕቃዎ እዚያው መቆየት መቻሉን፣ ሥራው ቢቋረጥ ክፍሉን በስንት ቀን ውስጥ እንዲለቁ እንደሚጠየቁ ይጠይቁ። በጥር ወር ሥራና መኝታ በአንድ ቀን ማጣት ቀልድ አይደለም። ተጎታች ትሬለር ገዝቶ መኖር ርካሽ ቢመስልም፣ ሥሩ ዙሪያውን ካልተሸፈነና የውሃ ቧንቧው በኤሌክትሪክ ካልሞቀ ክረምቱን አይወጣም።

የሥራው ሰዓት በአብዛኛው በቀን 12 ሰዓት ነው፤ ሁለት ሳምንት ተሠርቶ ሁለት ሳምንት የሚታረፍበት ዙር የተለመደ ነው። ስለዚህ በዕረፍቱ ወደ ቤተሰብዎ ለመመለስ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይወቁ። በፌዴራል ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራ በአንድ ተኩል ይከፈላል፤ የከባድ መኪና ሹፌሮች ግን ከዚህ ውጭ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። በቀን ይህን ያህል እንከፍላለን የሚል አሠሪ ኦቨርታይሙን እንዴት እንደሚያሰላ በግልጽ ያስረዳ። የጤና መድኅኑም እስከ 90 ቀን ዘግይቶ ሊጀምር ስለሚችል ነባሩን ቶሎ አያቋርጡ።

የሹፌርነት ሥራ የሚፈልግ ሰው ሲዲኤል በሚባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃዱ ላይ የታንከር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ ድፍድፍ ዘይት ለመጫን ደግሞ የአደገኛ ዕቃ ፈቃድ ይጨመርበታል፤ ይህም የጣት አሻራና የጸጥታ ማጣሪያ ስላለው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። የመድኃኒትና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ የማይቀር ነው። እሳት የሚቋቋም ልብስና የደኅንነት ሥልጠናም ይጠየቃሉ፤ አንዳንዱ አሠሪ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ከደመወዝ ይቆርጣል።

ከሥልጠናው ሁሉ በቁም ነገር መያዝ ያለበት ስለ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚሰጠው ነው። ይህ ጋዝ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ክምችቱ ሲበዛ ግን ማሽተቻን ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው ጠፋ ማለት አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል። ደረት ላይ የሚሰካው የጋዝ መለኪያ ሲጮህ የነፋሱን አቅጣጫ አይተው ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይውጡ እንጂ የወደቀ ባልደረባ ለማንሣት ያለ መተንፈሻ አይግቡ። የዘይት ታንክ ክዳን ከፍቶ መለካትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ ከ2010 እስከ 2014 ባሉት ዓመታት በአሜሪካ የነዳጅ ቦታዎች ዘጠኝ ሠራተኞች ታንክ ሲለኩ ወይም ናሙና ሲቀዱ ከሚወጣው ትነት ጋር በተያያዘ ሞተዋል። ብቻዎን ክዳኑን ክፈት ከተባሉ እሺ አይበሉ።

ወደ ብርዱ ስንመጣ፣ ሴልሺየስና ፋራናይት የሚገናኙበት 40 ከዜሮ በታች በዚያ አገር በወሬ ብቻ የሚሰማ ቁጥር አይደለም። በታኅሣሥ ቀኑ ከስምንት ሰዓት ጥቂት ብቻ ስለሚበልጥ ወደ ሥራ የሚሄዱትም የሚመለሱትም በጨለማ ነው። ከቆዳ ጋር የሚነካው ልብስ ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ያበርዳል። የጫማው ጫፍ ብረት ከሆነ ብርዱን ወደ ጣት ያስገባል፤ በብረት ፈንታ ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል መከላከያ ያለውን፣ ወፍራም ካልሲ እንዲያስገባም አንድ ቁጥር ያለፈውን ይግዙ። ውርጭ ነክቶት የነጣ ጣትን አይሹት፤ ለብ ባለ ውሃ ያሙቁት።

መኪናው ሞተር ማሞቂያ ይገጠምለት። በዚያ አካባቢ ከመኪናው ፊት ተንጠልጥሎ የሚታየው አጭር የኤሌክትሪክ ገመድ የዚህ ማሞቂያ ነው፤ ማታ ከግድግዳ ሶኬት ጋር ካልተገናኘ ጠዋት ሞተሩ ላይነሣ ይችላል። ቢነሣ እንኳ ሌሊቱን የቆመው ጎማ ሥሩ ጠፍጥፎ ስለሚደርቅ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች መኪናው ድንጋይ ላይ እንደሚሄድ ጋሪ ይንገጫገጫል፤ ጎማው ሲሞቅ ይተዋል፣ አይደንግጡ። የናፍጣ መኪና ያለው ሰው የክረምት ናፍጣ ካልቀዳ ነዳጁ ይረጋበታል። ታንኩን ከግማሽ በታች አያውርዱ፤ ብርድ ልብስ፣ አካፋ፣ ሻማና ውሃ ከመኪናው አይለዩ። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነፋሱ የወደቀውን በረዶ አንሥቶ መንገዱን ሊያጠፋው ይችላልና ከመነሣትዎ በፊት የመንገድ ሁኔታ ወደሚነገርበት 511 ደውለው ይጠይቁ። መንገድ ላይ ከቀሩ ከመኪናው አይውጡ፤ የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን አይተው ሞተሩን በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ያስነሡ፣ መስኮትም ትንሽ ከፈት ያድርጉ። የተደፈነ ጭስ ማውጫ ሰውን ሳያስነቃ ይገድላል።

የመሄጃ ጊዜ መምረጥ ከቻሉ የክረምቱ መጨረሻ በረዶ ሲቀልጥ አይሁን፤ በዚያ ወቅት መንገዱ ስለሚላሽቅ ለከባድ መኪናዎች የክብደት ገደብ ይጣላል፣ ሥራም ይቀዛቀዛል። ሰኔ ገብቶ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ መንገዱንም ሰፈሩንም ከብርዱ በፊት ለማወቅ ያመቻል። በ2019 የተከፈተው የዊሊስተን አውሮፕላን ማረፊያ ከሚኒያፖሊስና ከዴንቨር በረራ ያስተናግዳል፤ ከቺካጎ በሴንት ፖል በኩል የሚያልፈው የአምትራክ ባቡርም ዊሊስተን ላይ ይቆማል። ዘግይቶ መድረስ የባቡሩ ልማድ ነውና፣ የመጀመሪያውን ሺፍት በሚጀምሩበት ቀን ዋዜማ ሳይሆን ሁለት ቀን አስቀድመው ይድረሱ።