ከቶኑ በፊት ሜትር፦ ለዝቅተኛ መኪና ክሪክ ሲገዛ የሚሠሩ ስህተቶች

ባለ ጎማ ክሪክ ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቶን ያነሳል?» ብሎ ነው። ሻጩም መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ካርቶኑ ላይም በትልቁ የተጻፈው እሱ ነው። ግን እውነቱን ለመናገር የቤት መኪና ማንሳት የሚያቅተው ባለ ጎማ ክሪክ ፈልጋችሁም በቀላሉ አታገኙም። መኪናችሁ ወደ መሬት ቀረብ ያለ ከሆነ ጭንቁ ሌላ ነው፤ ክሪኩ ከስር አልገባም ይላል። ገንዘባችሁ የሚባክነውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

ቶን ማሳደድ

ክሪክ መኪናውን ሙሉውን አያነሳም። አንድ ጥግ ያነሳል፤ ቢበዛ የፊቱን ወይም የኋላውን በኩል። 1,400 ኪሎ የሚመዝን፣ ሞተሩ ፊት ያለ መኪና እንውሰድ። ከክብደቱ 60 በመቶው ፊት ላይ አርፏል ብንል 840 ኪሎ ይሆናል። ሁለቱን የፊት ጎማዎች አንድ ላይ ብታነሱ እንኳ ባለ 2 ቶን ክሪክ የአቅሙን ግማሽ አልነካም።

«ለማንኛውም ጠንከር ያለው ይሻላል» ብሎ ባለ 3 ቶን መግዛት ብዙ ጊዜ ጥቅሙ ለሻጩ ነው። አቅሙ ሲጨምር ክንዱ ይወፍራል፣ ሰውነቱ ከፍ ይላል፣ ክብደቱም ይጨምራል። ዝቅ ተደርገው የተሠሩ ባለ 3 ቶኖች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው። ለትንሽ ስፖርት መኪና ባለ 1.5 ቶን በደንብ ይበቃል። ለየት የሚለው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ባትሪው ስለሚከብድ መጠኑ ትንሽ የሚመስለው መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ያስደነግጣል። የመኪናችሁን ክብደት ከመመሪያው መጽሐፍ አይታችሁ ወስኑ።

«ሎው ፕሮፋይል» የሚለውን ጽሑፍ ማመን

ተራው ባለ ጎማ ክሪክ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 14 ሴንቲሜትር ቁመት አለው። «ሎው ፕሮፋይል» ተብለው የሚሸጡት ግን ከ7.5 እስከ 10 ሴንቲ ይደርሳሉ። ባለ 7.5ቱም ባለ 10ሩም በአንድ ስም ይሸጣሉ። የ2.5 ሴንቲ ልዩነት ለከፍተኛ መኪና ምንም አይደለም፤ ለእናንተ ግን የመግባትና ያለመግባት ጉዳይ ነው። ስሙን ተዉትና ዝቅተኛው ቁመት በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ አንብቡ። ቁጥሩ ያልተጻፈበትን ክሪክ እኔ አልገዛም።

መኪናውን ደህና በሆነበት ቀን ለክቶ መተው

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። መኪናው ባዶ፣ ጎማው በደንብ የተነፋ፣ መሬቱ ልሙጥ ሲሚንቶ ሆኖ ይለካል። ክሪኩ የሚያስፈልገው ግን ብዙ ጊዜ ጎማ በተኛበት ቀን ነው።

ቁጥሩን ቀረብ ብለን እንየው። ከበሩ ስር ያለው የማንሻ ቦታ ደህና ቀን 140 ሚሊሜትር ከፍታ አለው እንበል። ጎማው 225/40 (ስፋቱ 225 ሚሊሜትር)፣ ቸርኬው ባለ 18 ነው። የጎማው ጎን ከስፋቱ 40 በመቶ ስለሆነ 90 ሚሊሜትር ብቻ ነው። አየሩ ሲያልቅ ጎማው ተጨፍልቆ ያ ጥግ 50 ሚሊሜትር ያህል ወረደ እንበል፤ 90 ቀረ። የመኪናው ጠርዝ እንዳይታጠፍ ክሪኩ ሳህን (መኪናውን የሚነካው ክብ ጫፍ) ላይ ላስቲክ አስቀመጣችሁ፤ ውፍረቱ 20 ነው፤ 70 ቀረ። መሬቱ ጠጠር ስለሆነ ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከስሩ 18 ሚሊሜትር ጣውላ አነጠፋችሁ። 52 ቀረ።

በ140 ተዝናንታችሁ ባለ 75 ሚሊሜትሩን ክሪክ «ተርፎኝ ይገባል» ብላችሁ ነበር። አሁን ግን እሱም ውጭ ቀርቷል።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የአንዱን ጎማ አየር አስወጡና ለኩ። መልሶ መንፋት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ያን ማድረግ ካልፈለጋችሁ ከምትለኩት ላይ 5 ሴንቲ ቀንሱ። የላስቲኩን ውፍረትም አትርሱ። ሳህናቸው ውስጥ ላስቲክ ተቀብሮ የሚመጡ ክሪኮች አሉ፤ የፋብሪካው ቁመት ላስቲኩን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ሻጭ ላስቲኩን አውጥቶ ለክቶ ነው የሚጽፈው።

ስትለኩ ቦታውንም በትክክል እወቁት። በብዙ መኪና ከበሩ ስር ሁለት ቆርቆሮ ተጣብቆ የወጣ ስስ ጠርዝ አለ፤ ማንሻ ቦታው በሁለት ምልክቶች መካከል ነው። ዝቅ ያሉ መኪኖች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከውጭ የፕላስቲክ ቀሚስ ያጠልቃሉ። ቀሚሱ ከብረቱ ዝቅ ብሎ ከወረደ ክሪኩ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀሚሱን ነው። የምትለኩትም ከቀሚሱ ስር መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ወለሉ ብዙውን ጊዜ ባትሪ ስለሆነ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ በፍጹም አትሞክሩ።

አፍንጫውን ለክቶ ጀርባውን መርሳት

የክሪኩ ዝቅተኛ ቁመት የተለካው ሳህኑ ላይ ነው። ከሳህኑ ጀርባ ያለው ሰውነት ግን ወደ ፓምፑ ሲጠጋ ከፍ እያለ ይሄዳል። ከበሩ ስር ስታነሱ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ሳህኑ ትንሽ ገባ ካለ ይበቃል። ከፊት በኩል መሀል ላይ ካለው ተሸካሚ ብረት ስታነሱ ግን ክሪኩ ከ50 ሴንቲ በላይ ወደ ውስጥ መግባት ሊኖርበት ይችላል። ያኔ አፍንጫው ያልፋል፣ ጀርባው ፓራውልቱ ላይ ይቀራል። ቀለሙ የሚላጠውም ያኔ ነው።

እጀታውም ሌላ ጣጣ ነው። ክሪኩ ጠልቆ ሲገባ እጀታው ለመውጣትና ለመውረድ ቦታ ያጣል። ትንሽ ትንሽ እየነቀነቃችሁ ክሪኩ በሚሊሜትር ይወጣል። ጥሩ ለዝቅተኛ መኪና የተሠራ ክሪክ ረጅም ሰውነት አለው፤ እጀታውም ስፖንጅ ለብሶ ይመጣል። ስፖንጁን እንደ ጌጥ አትዩት፣ ለፓራውልታችሁ ነው።

ገንዘብ ሳታወጡ ማረጋገጫ መንገድ አለ። የክሪኩን የጎን መጠን ከሻጩ ወይም ከመግለጫው ወረቀት ውሰዱ። በዚያ ልክ ካርቶን ቁረጡና ከመኪናው ስር አስገቡት። ካርቶኑ ከታጠፈ ክሪኩም አይገባም።

ስንት ድረስ እንደሚያነሳ አለመጠየቅ

ዝቅ ያለ ክሪክ ሁሉ ከፍ ብሎ አያነሳም። አጫጭሮቹና ርካሾቹ ብዙ ጊዜ 33 ወይም 35 ሴንቲ ላይ ያበቃሉ። ረጃጅሞቹ 45 እስከ 50 ይደርሳሉ። ጎማ ለመቀየር ብቻ ከሆነ አጭሩ ይበቃችኋል። ዘይት ለመቀየር ወይም ፍሬን ለመሥራት ከሆነ ግን መኪናውን ስታንድ (የተነሳ መኪና የሚደገፍበት የብረት መቆሚያ) ላይ ማሳረፍ ግድ ነው። የብዙዎቹ ስታንዶች ትንሹ ቁመት 28 ወይም 30 ሴንቲ ነው። መኪናው ስታንዱ ላይ እንዲያርፍ መጀመሪያ ከዚያ በላይ መውጣት አለበት።

ደግሞ አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ክሪኩ የያዘውን ቦታ ስታንዱ ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ወይ ከመሀል አንስታችሁ በጎን ስታንድ ታስገባላችሁ፣ ወይ ከጎን አንስታችሁ መመሪያው የፈቀደውን ሌላ ጠንካራ ቦታ ትፈልጋላችሁ። በሁለቱም መንገድ ተጨማሪ ከፍታ ይፈለጋል። ዝቅ ብሎ ጀምሮ 45 የሚደርሰውን ክሪክ ውድ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ለዚህም ቢከፈል አይቆጭም።

ስታንዱን ከበጀቱ ማውጣት

ገንዘቡን በሙሉ ክሪክ ላይ አፍስሶ «ስታንዱን ሌላ ጊዜ» ማለት አደገኛው ስህተት ነው። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። መኪናውን ከፍ አድርጎ የያዘው ዘይቱና ጥቂት ጎሚኒዎች (ዘይቱ እንዳያፈተልክ የሚዘጉ ላስቲኮች) ናቸው። አንዷ ጎሚኒ ከለቀቀች መኪናው ይወርዳል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ስር አንገታችሁንም አታስገቡ። ሂሳቡ ካልበቃ ክሪኩን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉና ስታንድ ጨምሩ።

ስታንድም ቢሆን እንከን አያጣም። በ2020 አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ የመሣሪያ ሻጭ ስታንዶቹ ድንገት ሊወርዱ ስለሚችሉ ከገበያ ጠርቷል። በምትካቸው ከሰጣቸው ውስጥም አንዳንዶቹ በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠርተዋል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች የፈቱትን ጎማ ከመኪናው ጠርዝ ስር የሚያጋድሙት። ምንም ወጪ የለውም።

መንከባለሉን መርሳት

የክሪኩ ክንድ ቀጥ ብሎ አይነሳም፤ እንደ በር እየዞረ ነው የሚወጣው። ሲወጣ ሳህኑ ወደ እጀታው ይሳባል። ስለዚህ ክሪኩ ራሱ ወደ መኪናው ስር መንከባለል አለበት። ካልተንከባለለ ሳህኑ ከማንሻ ቦታው ይንሸራተታል።

ዝቅ ያሉ ክሪኮች ዝቅ ለማለት ሲሉ የፊት ጎማቸውን ያሳንሳሉ። ትንሽ የብረት ጎማ ደግሞ ጠጠር ላይ ይቆማል፣ ፀሐይ ያለሰለሰው አስፋልት ውስጥ ይሰምጣል። የምትሠሩበት ቦታ ልሙጥ ካልሆነ ጣውላ ያስፈልጋችኋል ማለት ነው፤ ጣውላው ስንት እንደሚበላ ደግሞ አይተናል። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ መሬት ላይ ከሚቀሩት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። የክሪኩን ጎማዎች ግን አታስሯቸው።

ገንዘቡን የማያስፈልግ ቦታ ማውጣት

«ቶሎ የሚወጣ» የሚባለው ባለ ሁለት ፓምፕ ክሪክ በማስታወቂያ ያምራል። ዋና ጥቅሙ ሳህኑ መኪናውን እስኪነካ ባለው ባዶ መንገድ ላይ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ላይ ባዶ መንገድ የት አለ? ሳህኑ እንደገባ ሊነካ ምንም አይቀረውም። ቤታችሁ ሌላ ከፍ ያለ መኪና ከሌለ በቀር ለዚህ ተጨማሪ ብር አታውጡ።

አሉሚኒየም ለሚሸከሙት ጥሩ ነው። ባለ 1.5 ቶኑ 12 እስከ 15 ኪሎ ሊሆን ይችላል፤ ባለ 3 ቶን የብረት ክሪክ 35 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በመኪና ይዛችሁት የምትዞሩ ከሆነ ልዩነቱ ወገብ ላይ ይታወቃል። አንድ ጥግ ተቀምጦ ለሚኖር ግን ብረቱ ርካሽና ቻይ ነው።

ብር ማውጣት ያለባችሁ ማውረጃው ላይ ነው። ርካሽ ክሪክ ሲወርድ እጀታውን ንክች ስታደርጉት መኪናው ዱብ ይላል። ጥሩው በእጃችሁ ልክ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከአቅም በላይ ሲጫን የሚለቅ መከላከያ ቫልቭ መኖሩን ጠይቁ። መለዋወጫ ጎሚኒ የሚገኝለት ይሁን። ሰውነቱ ላይም የደረጃ ምልክት ፈልጉ፤ የአውሮፓው ኢኤን 1494፣ የአውስትራሊያና ኒውዚላንዱ ኤኤስ/ኤንዜድኤስ 2615፣ የአሜሪካው ኤኤስኤምኢ ፔዝ ይባላል።

ባዶውን ነቅንቆ መግዛት

ባዶ ክሪክ ሁሉም ይወጣል። መኪና አስነሱበት፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ተዉት። ሳህኑ ከወረደ አትውሰዱት። አዲሱ ክሪክ ሲነቀነቅ እንደ ስፖንጅ ልስልስ ካለ አየር ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ማውረጃውን ከፍቶ እጀታውን ደጋግሞ መነቅነቅ ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል። ያገለገለ ከሆነ የፒስተኑን ዙሪያ በጣታችሁ ዳብሱ። ዘይት ካረጠበው ጎሚኒው አልቋል። ክንዱን ከፊት ሆናችሁ እዩት፤ ከተጣመመ ዋጋው ምንም ይሁን ምን ይቅር። ምን ዘይት እንደተጨመረበትም ጠይቁ። የፍሬን ዘይት ከሆነ ጎሚኒዎቹን ያበላሻል፤ የሚሆነው የክሪክ ሃይድሮሊክ ዘይት ነው።

ያለውን ክሪክ ቶሎ መጣል

ምናልባት አዲስ መግዛትም አያስፈልጋችሁ ይሆናል። 4 ሴንቲ ውፍረት ያለውና ከጎማው ሰፋ ያለ ጣውላ መሬት ላይ አድርጋችሁ ጎማውን ብታወጡበት መኪናው በዚያ ጥግ ከፍ ይላል። ተራው ክሪክ ሊገባ ይችላል። ጎማ ሲተኛም ሊረዳ ይችላል፤ ግማሽ ሜትር ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ጣውላውን ከኋላ ሻንጣ፣ ከስኮርታው አጠገብ አኑሩት። ቤት የቀረ ጣውላ መንገድ ላይ አያነሳችሁም።